የመንግሥት ግንባታና የነፃ ንግድ ሕግ፡- «የማን ነው?» ወይስ «እንዴት ተሠራ?»

ከጥቂት ወራት በፊት ለጉዳይ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ በከተማችን ብዙ መሰሎች አሉትና። ሕንፃው ከእግር እስከ ራሱ መስታወት የለበሰ ነው። ፊቱን ወደ ምዕራብ ባዞረው ቢሮ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች በመስኮቱ ላይ የካርቶን ቁራጭና አሮጌ ጋዜጣ ለጥፈዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ ክፍሉን እንደ ምድጃ አግሎታል። ጥግ ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ጋዜጣው ብርሃኑን ስለከለለው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል። «ለመሆኑ ይህን ሕንፃ እንዲህ አድርጎ ያሠራው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ባለሙያ ፈገግ ብሎ «ዝቅተኛ ዋጋ ነዋ!» አለኝ።

መልሱ ቀልድ ቢመስልም የሕግ ሰው ቁም ነገር ያገኝበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የአየሯ ጠባይ ለሰው ልጅ የተመቸ ከተማ ናት። በወጉ የተነደፈ ሕንፃ ማቀዝቀዣ የሚፈልግባት ከተማ አይደለችም። ማቀዝቀዣውን የግድ ያደረገው መስታወቱ ነው። ጨረታው ግን «ይህ ሕንፃ በሚቀጥሉት 50 ዓመታት ስንት ብር የኤሌክትሪክ ይበላል? ሲሚንቶውና ብረቱ ሲመረት ስንት ጭስ አወጣ?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው ዛሬ በስንት እንደሚገነባ ብቻ ነው። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ መልስ አያገኝም።

ይህን ጉዳይ በግዥ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ባነሳሁ ቁጥር ሁለት ዓይነት ምላሽ ያጋጥመኛል። አንደኛው ወገን «የአካባቢ መስፈርት በጨረታ ውስጥ ማስገባት ከነፃ ንግድ ሕግ ጋር ያጋጨናል፤ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት እየተደራደርን ይህን ማንሳት ራስን መጉዳት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ተቃራኒውን ያስባል። «አረንጓዴ የሚል ስም ከሰጠነው የአገር ውስጥ አምራቾቻችንን ከውጭ ተወዳዳሪ የምንጠብቅበት ጥሩ ጋሻ ይሆነናል» ባይ ነው። በእኔ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል። የንግድ ሕጉ የሚጠላው አካባቢን መጠበቅን ሳይሆን በአካባቢ ስም ዜግነት መምረጥን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር ያወቀ ገዥ ብዙ መሥራት ይችላል። መስመሩ የት እንዳለ ለማየት ደግሞ ጉዳዩ በፍርድ አደባባይ ተፈትኖ ወደ ጠራባቸው አገሮች ጎራ ማለት ያስፈልጋል።

የሔልሲንኪ አውቶቡሶች

እ.ኤ.አ. በ1997 የፊንላንድ ዋና ከተማ ሔልሲንኪ ለከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ጨረታ አወጣች። በዋጋ ላይ ተጨማሪ ነጥብ የሚያስገኙ ሁለት መስፈርቶችን አስቀመጠች፤ አውቶቡሶቹ የሚያወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጭስ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነና ድምፃቸው ዝቅ ካለ ነጥብ ያገኛሉ። ጨረታውን ያሸነፈው የከተማዋ የራሷ የትራንስፖርት ድርጅት ሆነ። በጋዝ የሚሠሩ አውቶቡሶች ስለነበሩት ነጥቡን ሰበሰበ። በዋጋ ብልጫ የነበረው ኮንኮርዲያ የተባለው ኩባንያ «ይህ መስፈርት ለራሷ ድርጅት ተለክቶ የተሰፋ ነው» ሲል ከሰሰ።

አቤቱታው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 በሰጠው ውሳኔ ለከተማዋ ፈረደ። ገዥው አካል የአካባቢ መስፈርት ማስቀመጥ ይችላል፤ ይሁንና አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው አለ። መስፈርቱ ከሚገዛው ነገር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ለገዥው ገደብ የለሽ የመምረጥ ሥልጣን የሚሰጥ መሆን የለበትም። አስቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ወይም በማስታወቂያው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በመጨረሻም የእኩልነትንና ያለማዳላትን መሠረታዊ መርሆዎች ማክበር አለበት። መስፈርቱን የሚያሟሉት ጥቂት ድርጅቶች መሆናቸው፣ ከእነሱም አንዱ የገዥው የራሱ ድርጅት መሆኑ፣ በራሱ አድልዎ አያሰኝም ተባለ።

ይህ ውሳኔ በር የከፈተ ነበር። በሩ ግን ያለ ጠባቂ አልተተወም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 የኦስትሪያ የኤሌክትሪክ ግዥ ጉዳይ ወደዚያው ፍርድ ቤት ቀረበ። ገዥው ከታዳሽ ምንጭ ለሚመጣ ኤሌክትሪክ ከመቶ 45 ነጥብ መድቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ የነጥቡ ብዛት ችግር የለውም አለ። ዳኞቹን ያላስደሰታቸው ገዥው የተጫራቾችን ቃል ትክክለኛነት የሚያረጋግጥበት መንገድ ያልነበረው መሆኑ ነው። ሊረጋገጥ የማይችል ነገር ነጥብ ሊሰጥበት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ቡና የሚያቀርብለት ድርጅት የፈለገ አንድ የኔዘርላንድስ ክፍለ ሀገር አንድ የታወቀ መለያ ምልክት በስሙ ጠርቶ በመጠየቁ ተረታ። የምልክቱን ስም ሳይሆን ከምልክቱ በስተጀርባ ያሉትን መስፈርቶች ጻፍ፤ ያንኑ በሌላ ማስረጃ የሚያሳይ ከመጣም ተቀበል ተባለ።

እንግዲህ ከእነዚህ ሦስት ጉዳዮች የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። «እንዴት ተሠራ? ምን ያህል ጭስ ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ግን አስቀድሞ የተጻፈ፣ ሊለካ የሚችልና ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት።

ኦንታሪዮ የሳተችው

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ምሳሌ እንመልከት። የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2009 ከድንጋይ ከሰል ለመላቀቅ ጥሩ ፕሮግራም ነደፈች። ከፀሐይና ከነፋስ የሚመነጭ ኤሌክትሪክን በረጅም ጊዜ ውልና በተሻለ ዋጋ መግዛት ጀመረች። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው። ሆኖም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት፤ የውሉ ተጠቃሚ ለመሆን ከመሣሪያው የተወሰነው ድርሻ በኦንታሪዮ የተሠራ መሆን አለበት። ጃፓንና የአውሮፓ ኅብረት በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሷት።

ካናዳ የተከላከለችው በታሪፍና ንግድ አጠቃላይ ስምምነት አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 8(ሀ) ነው። ይህ ድንጋጌ መንግሥት ለራሱ አገልግሎት የሚገዛቸውን፣ ለንግድ መልሶ ለመሸጥ ያልታሰቡ ዕቃዎች ከእኩል አያያዝ ግዴታ ነፃ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 የይግባኝ ሰሚው አካል መከላከያውን ውድቅ አደረገ። የተገዛው ኤሌክትሪክ ነው፤ አድልዎ የተፈጸመበት ግን መሣሪያው ነው፤ ስለዚህ በግዥ ጥላ ሥር መግባት አይቻልም አለ። ህንድም በፀሐይ ኃይል ፕሮግራሟ ተመሳሳይ ነገር ሞክራ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመሳሳይ ምክንያት ተረታች።

ልብ በሉ! ኦንታሪዮን የጣላት ንጹሕ ኤሌክትሪክ መፈለጓ አይደለም። የጣላት «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የመንግሥት ግዥን በተመለከተ በዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ ራሱን የቻለ ስምምነት አለ። ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሥራ ላይ ውሏል። ከ166ቱ የድርጅቱ አባላት ውስጥ የሚገዙበት ከሲሶ በታች የሆኑት ብቻ ሲሆኑ ከአፍሪካ አገሮች መካከል የገባበት የለም። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 10 ገዥ አካላት የተፈጥሮ ሀብትን ለመንከባከብ ወይም አካባቢን ለመጠበቅ የሚያስችል የቴክኒክ ዝርዝር ማውጣት እንደሚችሉ በግልጽ ይናገራል። «የቴክኒክ ዝርዝር» ለሚለው ቃል የሰጠው ትርጉምም የአመራረት ሂደትንና ዘዴን ይጨምራል። ይህ ለግንባታ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ሁለት ዘንግ ፌሮ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለያዩም፤ ልዩነታቸው ያለው በተሠሩበት ምድጃ ውስጥ ነው።

ከአውቶቡስ ወደ አርማታ

ይህ ሕግ በግንባታ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ መሠረት መንግሥት ለሚያስገነባቸው ሥራዎች የሚቀርበው ፌሮ፣ የመዋቅር ብረት፣ ጠፍጣፋ መስታወትና የማዕድን ሱፍ የካርቦን ጣሪያ ተበጅቶላቸዋል። አቅራቢው በገለልተኛ ወገን የተረጋገጠ የምርት አካባቢያዊ መግለጫ ያቀርባል። ከጣሪያው በታች ከሆነ ብረቱ ከየትም ይምጣ ከየትም መግባት ይችላል። በኔዘርላንድስ ደግሞ የመንገድና የውኃ ሥራዎችን የሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተጫራቾች የሚጠቀሙባቸው ዕቃዎች ከማዕድን ማውጫ እስከ ማፍረሻ ድረስ በአካባቢ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ወደ ዩሮ ለውጠው እንዲያሰሉ ያደርጋል። ጉዳቱ ያነሰ ተጫራች ለግምገማ ብቻ ከዋጋው ላይ ተቀናሽ ይደረግለታል። በዚህ አሠራር «ዝቅተኛ ዋጋ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ይለወጣል።

ለእኛ ምናችን ነው?

«እኛ የስምምነቱ አባል አይደለንም፤ የሔልሲንኪ አውቶቡስ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ሲሆን ድርድሩ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ወስዷል። አባልነት የግዥ ስምምነቱን በራሱ አያስከትልም። ሆኖም ከአዳዲስ አባላት ብዙዎቹ ወደዚያ ለመግባት ቃል እንዲገቡ ይጠየቃሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 አባል ስትሆን ይህንኑ ቃል ገብታ በ2007 ማመልከቻ አስገብታለች።

በእኛ የግዥ ሥርዓት ውስጥ የአገር ውስጥ ተሳታፊዎችን የምንደግፍበት ዋናው መሣሪያ የዋጋ ልዩ አስተያየት ነው። በ2002 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ለአገር ውስጥ ሥራ ተቋራጮች የተሰጠው 7.5 በመቶ ነበር። ይህ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቁልጭ ያለ መልኩ ነው። አሁን ባለንበት ሁኔታ ሕገ ወጥ ነው አልልም። ነገር ግን ወደፊት በድርድር ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያው ተጠያቂ የሚሆነው እንዲህ ያለው ድጋፍ ነው። ታዲያ ይህ ሲሸረሸር በምን እንተካዋለን?

እዚህ ላይ ነው «እንዴት ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ያልተጠበቀ ጥቅም የሚያመጣልን። ከማዕድን በድንጋይ ከሰል ቀልጦ የሚሠራ አንድ ቶን ብረት ሁለት ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ከቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ የሚቀልጠው የሚያስወጣው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ኤሌክትሪኩ ከውኃ የመነጨ ከሆነማ ይብሱን ይቀንሳል። የእኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከ90 በመቶ በላዩ ከውኃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በዚሁ ላይ ተጨምሯል። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ «ኢትዮጵያዊ ፌሮ» ሳይል «በአንድ ቶን ከዚህ መጠን በታች ካርቦን ያስወጣ ፌሮ» ቢል፣ አገር ውስጥ ቁርጥራጭ የሚያቀልጥ ፋብሪካ በራሱ ብርታት ከፊት ይሰለፋል። ይህን ማንም በአድልዎ ሊከሰው አይችልም።

ነገር ግን ሐቁ ሁለት ስለት አለው። ከውጭ የገባ ቢሌት እዚህ አሙቆ ፌሮ የሚያደርግ ፋብሪካ ካርቦኑን አብሮ አስገብቷልና ነጥቡን አያገኝም። በሲሚንቶም ቢሆን ምድጃዎቻችን የሚነዱት በድንጋይ ከሰል ነው። ሐቀኛ መስፈርት ማለት የራሳችንንም ፋብሪካ የሚፈትን ማለት ነው። የእኛን ብቻ እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተጻፈ መስፈርት ኦንታሪዮን የጣላት ዓይነት ነው።

የሲሚንቶውን ነገር ካነሳን በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። ከዚህም ከግማሽ በላዩ ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ የሚወጣ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ክሊንከር ሲለወጥ ካርቦኑን ይተፋል። ስለሆነም ዋናው መፍትሔ ክሊንከሩን መቀነስ ነው። እኛ ደግሞ በስምጥ ሸለቆ እንደ ልብ የሚዛቅ ፑሚስ አለን። ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ከክሊንከሩ ከፊሉ በዚህ ዓይነት ድንጋይ የተተካበት ነው። ይሁንና ዝርዝሩ በልማድ ስለሚገለበጥ ኦፒሲ በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ «ኦፒሲ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለድልድይ ምሰሶ፣ ቶሎ መጠንከር ላለበት አርማታ ኦፒሲ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለግድግዳ ግንብና ለልስን ግን ምን አስገደደን? የግዥ ስምምነቱ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ የዕቃውን ስም ሳይሆን እንዲሰጥ የሚፈለገውን ውጤት ጻፍ ይላል። «በ28 ቀን ይህን ያህል የሚሸከም፣ በቶን ከዚህ በታች ካርቦን ያለው» ቢባል መሐንዲሱም፣ ነጋዴውም፣ አገሩም ይጠቀማል።

አንድ የሕግ ነጥብ ልጨምር። መንግሥት ሲሚንቶና ብረት ገዝቶ ኮንዶሚኒየም ሠርቶ ለነዋሪ ሲሸጥ «ለራሱ አገልግሎት የገዛው» ነው ወይስ «ለንግድ መልሶ የሚሸጠው»? በአንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 8(ሀ) መሠረት መልሱ ጥርት ያለ አይደለም። ቤቱ ከወጪው በታች በዕጣ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ክርክር ነው፤ በገበያ ዋጋ በጨረታ የሚሸጥ ከሆነ ሌላ ክርክር ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ግዥም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ «ግዥ ስለሆነ የፈለግነውን እናደርጋለን» በሚለው ጥላ መተማመን አያዋጣም። ለማንም የማያዳላ መስፈርት የጻፈ ገዥ ግን በጥላው ሥር ቢሆንም ባይሆንም አይበስብስም።

ተቃውሞዎቹ

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱትን ሥጋቶች አቃልዬ አላልፍም። የመጀመሪያው ሙስና ነው። «ለግዥ ኮሚቴ አረንጓዴ ነጥብ መስጠት ለሌባ ቁልፍ ማቀበል ነው» ያለኝ ወዳጅ አለ። እውነት አለው። መልሱ ያለው በኦስትሪያው ፍርድ ውስጥ ነው፤ የማይለካ ነገር ነጥብ አይሰጠው። «ለአካባቢ ተስማሚ የሆነ» የሚል ልቅ ቃል በሰነዱ ውስጥ ካለ እሱ የሌባ ቁልፍ ነው። ቁጥርና የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ካለ ግን ቁልፉ በገዥው እጅ ብቻ አይሆንም፤ የተሸነፈውም ተጫራች ቆጥሮ ሊከስ ይችላል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። መንግሥት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሊሠራበት የሚገባውን ገንዘብ በአረንጓዴ ስም ማባከን የለበትም። ነገር ግን ያ ባለጋዜጣ መስኮት ሕንፃ ርካሽ ነው ያለው ማን ነው? የዛሬው ቁጠባ በየወሩ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ሆኖ ይመለሳል። ሥራዎቹ በብድር በሚሠሩበት ጊዜም አበዳሪው የራሱን የግዥ ደንብ ይዞ ስለሚመጣ መስፈርታችንን ማስገባት ያለብን ብድሩ ሲፈረም እንጂ ሲሚንቶው ሲራገፍ አይደለም።

ሦስተኛው የአቅም ነገር ነው። ትንንሽ ሥራ ተቋራጮች ውድ የምስክር ወረቀት አይችሉም። ይህም እውነት ነው። ስለዚህ ማስረጃው ከተቋራጩ ሳይሆን ከፋብሪካው መጠየቅ አለበት። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ያስመረምራል፤ ተቋራጩ ኮፒውን አያይዞ ይጫረታል።

ከሦስት ዕቃ እንጀምር

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። የግዥ ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 እንደ አዲስ ወጥቷል። እንግዲህ የአዋጅ ችግር የለብንም። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ ሕንፃ የሚሠራው ግን በጨረታ ሰነድ ነው። ሰነዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት ሰነድ ላይ ተገልብጦ የሚወጣ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከማለም በሦስት ዕቃ ብንጀምር ይበጃል፤ በሲሚንቶ፣ በፌሮና በመስታወት። ለእያንዳንዳቸው መለኪያ ይውጣ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ማሳወቅ ብቻ ግዴታ ይሁን፤ ከዚያ ነጥብ ይሰጥበት፤ በመጨረሻም ጣሪያ ይበጅለት። ፋብሪካዎችም የሚዘጋጁበት ጊዜ ያገኛሉ። ከሁሉ በላይ ይህ ከአሁኑ ተጀምሮ በሥራ ከተፈተነ ተደራዳሪዎቻችን በጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጡ ባዶ እጃቸውን አይሆኑም። ለማንም የማያዳላ፣ ሲሠራበት የቆየ ሥርዓት ይዞ የቀረበን አገር «ተወው» ማለት ከባድ ነው። ገና ያልጀመረውን ግን «አትጀምረው» ማለት ቀላል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ሰዓቱ አሁን ነው።

ወደዚያ ቢሮ ልመለስና ላብቃ። ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣ ያ ባለሙያ ወንበር ላይ ቆሞ የተላቀቀውን ጋዜጣ በፕላስተር መልሶ እየለጠፈ ነበር። ሕንፃው ገና አዲስ ነው፤ እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት ይቆማል። በቦታው የሚተካው ወጣትም ያንኑ መስኮት ይወርሳል።